የመርከብና የወደብ ጭነት አያያዝ፦ ጥያቄና መልስ

ጭነት በመርከብና በወደብ ስለሚያዝበት መንገድ የቀረቡት ጥያቄዎች ከመልሶቻቸው ጋር እነሆ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ሆልድ ስል በመርከቡ ሆድ ውስጥ ያለውን የጭነት ክፍል፣ ዴክ ስል የላይኛውን ወለል ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ክሬኑ ኮንቴይነሩን ሲያነሣ ክብደቱን በስክሪን ያሳያል። ታዲያ ላኪው አስቀድሞ እንዲያስመዝን ለምን ይገደዳል?

ክሬኑ የሚናገረው ዘግይቶ ነው። ኮንቴይነሩ ከመሬት ሲነሣ የአቀማመጡ ዕቅድ ካለቀ ብዙ ሰዓት አልፎታል። ዕቅድ አውጪው ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ የሚደረድረው ሰነዱ ላይ በሰፈረው ቁጥር ነው። 8 ቶን ተብሎ የተጻፈ የ24 ቶን ኮንቴይነር ድርድሩ አናት ላይ ከወጣ፣ ከታቹ ያሉት ኮንቴይነሮች ማዕዘኖችና ማሰሪያዎቹ ያልታሰበላቸውን ኃይል ይሸከማሉ፤ መርከቡም በስሌት ከተገኘው ያነሰ መረጋጋት ይኖረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ኤም.ኤስ.ሲ ናፖሊ የተባለችው መርከብ በእንግሊዝ ቻናል ቀፎዋ ተሰንጥቆ ሠራተኞቿ ጥለዋት ወጡ። ዴክ ላይ ሆነው ውሃ ሳይነካቸው የተረፉ ወደ 660 የሚጠጉ ኮንቴይነሮች ኋላ ሲመዘኑ፣ 137ቱ ከተመዘገበላቸው ክብደት ከ3 ቶን በላይ ልዩነት ተገኘባቸው። ለቀፎው መሰንጠቅ ዋናው ምክንያት ይህ አልነበረም፤ ግን ሰነዱ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል በግልጽ አሳየ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሶላስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተረጋገጠ ክብደት የሌለው ኮንቴይነር መርከብ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ክብደቱን የማቅረቡ ኃላፊነትም የላኪው ነው።

ሁለት መንገድ ተፈቅዷል፤ የታሸገውን ኮንቴይነር እንዳለ መመዘን፣ ወይም ውስጡ የሚገባውን ሁሉ መዝኖ በኮንቴይነሩ ባዶ ክብደት ላይ መደመር። ስሕተት የሚበዛው በሁለተኛው ነው። ዕቃው ይመዘንና ፓሌቱ፣ መደገፊያ እንጨቱና ማሰሪያው ይረሳሉ። ባዶ ክብደቱንም ብዙ ሰው በግምት ይጽፋል፤ መወሰድ ያለበት በዚያው ኮንቴይነር በር ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ የኮንቴይነራችን ቦታ 340684 ተብሎ መጣልን። እንዴት ይነበባል?

ሁለት ሁለት አሃዝ አድርገው ይክፈሉት። 34 ከመርከቡ ፊት ወደ ኋላ ሲቆጠር ያለው ቦታ ነው፤ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ባለ 40 ጫማ ነው፣ ባለ 20 ጫማ ቢሆን ጎዶሎ ይሆን ነበር። 06 ከመሐል ወደ ግራ ሦስተኛው ረድፍ፤ ሙሉ ቁጥሮች በግራ፣ ጎዶሎዎቹ በቀኝ ናቸው። 84 ደግሞ ከፍታው ነው፤ የዴክ ቁጥር በአብዛኛው ከ82 ስለሚጀምር ሁለተኛው ደርብ ማለት ነው። በሆልድ ውስጥ ያሉት ከ02 ይጀምራሉ።

ጥያቄ፦ የማዕድን አፈር ሲጫን በእጅ ሲነካ ደረቅ ነው። ባሕር ላይ ጭቃ ሆኖ መርከብ ይገለብጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በጅምላ ጭነት፣ ማለትም ሳይታሸግ ሆልድ ውስጥ በሚፈስ ጭነት ሥራ፣ ይህን ያህል ብዙ ሰው በአንዴ የሚገድል ነገርም ጥቂት ነው። በደቃቅ ማዕድን ቅንጣቶች መካከል አየርና ውሃ አለ። የሞተሩ ንዝረትና የማዕበሉ ውዝዋዜ ቅንጣቶቹን ያጠጋጋል፤ ክፍተቱ ሲጠብ አየሩ ይወጣል፣ ውሃው ግን መውጫ ያጣና ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ቅንጣቶቹን እስኪያለያይ ከደረሰ ክምሩ በድንገት እንደ ፈሳሽ ይሆናል። መርከቡ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ጭነቱ ተከትሎ ይፈስሳል፤ መርከቡ ሲመለስ ግን ሁሉም አብሮ አይመለስም። እንዲህ እያለ በእያንዳንዱ ውዝዋዜ ዝንባሌው ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ባልክ ጁፒተር ወደ 46,400 ቶን ባውክሳይት የተባለ የአሉሚኒየም ማዕድን ጭና ከቬትናም ባሕር ዳርቻ ወጣ ብላ ሰጠመች፤ ከ19 ሠራተኞች 18ቱ አለቁ። የጭነቱ እርጥበት በደንቡ ለባውክሳይት ከተቀመጠው 10 በመቶ ጣሪያ ሁለት እጥፍ ያለፈ ነበር። መረጃው ላይ ግን ጭነቱ ፈሳሽ የማይሆን ተብሎ ነበር የተመደበው።

አይ.ኤም.ኤስ.ቢ.ሲ የተባለው የጅምላ ጭነት ደንብ እንዲህ ያሉ ጭነቶችን ምድብ ኤ ይላቸዋል። ላኪው ሁለት ቁጥር ማቅረብ አለበት፤ የጭነቱን እርጥበትና ለማጓጓዝ የሚፈቀደውን የእርጥበት ጣሪያ። ጣሪያው በተለመደው የላቦራቶሪ አሠራር ጭነቱ መፍሰስ ከሚጀምርበት እርጥበት 90 በመቶው ነው። የጣሪያው ምርመራ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ የእርጥበት ናሙናው ደግሞ ከመጫኑ በፊት ከሰባት ቀን በላይ ያስቆጠረ መሆን የለበትም። በመሐሉ ከባድ ዝናብ ከጣለ አዲስ ናሙና ይወሰዳል። እዚህ ላይ ከላኪው ጋር ክርክር ይነሣል፤ የሚረታው ግን የናሙናው ቀን ነው።

ተከታይ ጥያቄ፦ መርከቡ ላይ ሆነን ማጣራት የምንችልበት መንገድ የለም?

የጣሳ ሙከራ አለ። ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ግማሹን በጭነቱ ሙሉ። ከ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ጠንካራ ወለል ላይ 25 ጊዜ፣ በየአንድ ወይም ሁለት ሰከንዱ በኃይል አሳርፉት። ፊቱ ላይ ውሃ ካቀረረ ወይም አፈሩ ከላላ መጫኑ ይቁምና ላቦራቶሪ ይላክ። ውሃ አለመታየቱ ግን ጭነቱ ደኅና መሆኑን አያረጋግጥም። ሙከራው “አቁሙ” ሊል ይችላል፤ “ቀጥሉ” የማለት ሥልጣን የለውም። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይጠቀምበታል።

ጥያቄ፦ 20 ቶን የሚመዝን ማሽን ሆልድ ውስጥ ለማሰር ስንት ማሰሪያ ይበቃል?

ሲ.ኤስ.ኤስ በሚባለው የጭነት አስተሳሰር ደንብ አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ በግራ በኩል ያሉት ማሰሪያዎች የሚፈቀድላቸው ጭነት ድምር ከዕቃው ክብደት ጋር እኩል ይሁን፣ በቀኝም እንደዚሁ። 20 ቶን ማለት ወደ 196 ኪሎኒውተን ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ጠፍጣፋ የጨርቅ ማሰሪያ በ100 ኪሎኒውተን የሚበጠስ ከሆነ የሚፈቀድለት ግማሹ፣ 50 ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን አራት፣ በድምሩ ስምንት ያስፈልጋል።

ከመበጠሻው ኃይል የሚፈቀደው መቶኛ እንደ ማሰሪያው ዓይነት ይለያያል። ለሰንሰለት፣ ለሻክል (በብሎን ለሚዘጋ የብረት ማያያዣ) እና ለማወጠሪያ 50 በመቶ፣ አንዴ ተሠርቶበት ለሚጣል የሽቦ ገመድ 80 በመቶ፣ ተመልሶ ለሚሠራበት የሽቦ ገመድ 30 በመቶ ብቻ። አሮጌ ሽቦን በአዲስ ሽቦ ሒሳብ መቁጠር የተለመደ ጥፋት ነው።

ከአግድም በላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ቀጥ ያለ ማሰሪያ ዕቃው እንዳይንሸራተት በሚደረገው ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ወደ ታች ይጫናል እንጂ ወደ ጎን አይዝም። ሰንሰለትና ጨርቅም ለአንድ ዕቃ፣ በአንድ አቅጣጫ አይቀላቀሉ። ጨርቁ ይለጠጣል፣ ሰንሰለቱ አይለጠጥም፤ ኃይሉን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ መጀመሪያ የሚበጠሰው ሰንሰለቱ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከዕቃው ሥር ያለውን እዩ። ስሌቱ በቂ ሰበቃ አለ ብሎ ይነሣል። በደንቡ ብረት በደረቅ ብረት ላይ ያለው የሰበቃ መጠን 0.1፣ ሲረጥብ ዜሮ ነው። መሐሉ ላይ እንጨት ወይም ጎማ ሲገባ 0.3 ይሆናል። ያለ እንጨት በቀጥታ ብረት ወለል ላይ የተቀመጠ ማሽን በማሰሪያ ብዛት አይድንም።

ጥያቄ፦ የሽቦ ገመድ መቆንጠጫ በየትኛው አቅጣጫ ነው የሚገባው?

ኮርቻው ኃይል በሚሸከመው ረጅም ገመድ ላይ፣ የታጠፈው ብሎን ደግሞ ተቆርጦ በቀረው አጭር ጫፍ ላይ ይሁን። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ። ከተገለበጠ ብሎኑ ሸክም ያለበትን ገመድ ይቀጠቅጠዋል። ሽቦው ኃይል ከተሸከመ በኋላ ስለሚቀጥን ፍሬዎቹ እንደገና ይጠበቁ።

ጥያቄ፦ በመርከቡ የራሱ ክሬን ከባድ ዕቃ ስናነሣ መርከቡ ከጠበቅነው በላይ ያዘነብላል። ለምን?

ዕቃው ከመሬት በለቀቀባት ቅጽበት ክብደቱ የሚሠራው ከክሬኑ ክንድ ጫፍ ላይ ነው። ከወለል አንድ ጣት ከፍ ቢል እንኳ፣ ለመርከቡ ያው ክንዱ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ያህል ነው። ብዙ ሰው የሚያሰላው የጎን ርቀቱን ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። 10,000 ቶን የሚመዝን መርከብ፣ የመረጋጋት ልኩ ማለትም ጂ.ኤም 0.80 ሜትር፤ ዕቃው 60 ቶን፣ ከመሐል መስመር 20 ሜትር ርቆ። የጎን ርቀቱ ብቻ ሲሰላ ዝንባሌው 8.5 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። የክንዱ ጫፍ ከመርከቡ የክብደት ማዕከል 27 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ ግን ጂ.ኤም በ16 ሴንቲ ሜትር ወርዶ 0.64 ይሆናል፤ ዝንባሌው ከ10 ዲግሪ ያልፋል። በከፊል የተሞሉ የባላስት ታንኮች፣ ማለትም መርከቡን ለማመጣጠን ውሃ የሚሞላባቸው ታንኮች፣ ካሉ ደግሞ በውስጣቸው የሚዋልለው ውሃ ከዚህም ይቀንሳል። ስለዚህ ከማንሣት በፊት ታንኮቹ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ይሁኑ። የመሬቱ መወጣጫ ድልድይ ይነሣ፣ የመርከቡ ገመዶችም ሰው ይመደብላቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት እግር ያለው ማንሻ ገመድ ሲከፈት ምን ያህል አቅም ያጣል?

በሁለቱ እግሮች መሐል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ እግር የዕቃውን 58 በመቶ ይሸከማል፤ 90 ሲሆን 71 በመቶ፤ 120 ሲደርስ እያንዳንዱ እግር ሙሉውን ክብደት። ከ90 እንዳያልፍ ረዘም ያለ ገመድ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ሩዝና ቡና ስንጭን አየር ማስገቢያውን መቼ እንክፈት? መርከብ ላይ ሁለት ሰው ሦስት ምክር ይሰጣል።

ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ስትሄዱ የመርከቡ ብረት ይቀዘቅዛል፤ ከጭነቱ የሚወጣው እርጥበት ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ጠብ ጠብ ይላል። መፍትሔው አየር ማስገባት ነው። ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት ስትሄዱ ግን ጭነቱ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ከውጭ የገባው እርጥብ አየር ጆንያው ላይ ጤዛ ይሠራል። ያኔ ይዘጋል።

በተግባር የሚያዋጣው የሦስት ዲግሪ ደንብ ነው። ስትጭኑ የጭነቱን ሙቀት ከብዙ ቦታ ለክታችሁ አማካዩን መዝግቡ። የውጭው አየር ከዚያ አማካይ ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ክፈቱ፤ አለዚያ ዝጉ። በሆልድ ውስጥ ያለውን የጤዛ ነጥብ (አየሩ ጤዛ መሥራት የሚጀምርበትን ሙቀት) ለመለካት እስከ አፍ ገደፉ በተሞላ ሆልድ ውስጥ መግባት ስለማያስፈልግ ይህ ይቀላል።

ጀምበር ስትጠልቅ የመዝጋት ልማድ መሠረት የለውም። ሌሊት አየሩ ስለሚቀዘቅዝ አየር ማስገባት በጣም የሚያስፈልገው እንዲያውም ያኔ ነው። የተዘጋበት ምክንያት ዝናብ ወይም የማዕበል ርጭት ከሆነ ሰዓቱ ይጻፍ፤ ኋላ በካሣ ክርክር የሚጠየቀው ይህ መዝገብ ነው።

ጥያቄ፦ ጆንያዎቹ ረጥበው ወጡ። ጤዛ ይሁን የባሕር ውሃ በምን ይለያል?

በሲልቨር ናይትሬት ጠብታ። እርጥቡ ላይ ስትንጠባጠብ እንደ ወተት ከነጣ ጨው አለበት። ግን ንጹሕና ደረቅ የሆነ ጆንያ ላይም በንጹሕ ውሃ አርጥባችሁ ሞክሩ፤ ጭነቱ በተፈጥሮው ክሎራይድ ካለው ምላሹ ያው ይሆናል። የባሕር ውሃ ከተገኘ የሆልድ ክዳኑን ጎማና መጋጠሚያ መርምሩ።

ጥያቄ፦ የድንጋይ ከሰል ወይም ቁርጥራጭ ብረት የያዘ ሆልድ ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ ከሆነ ወዲያው መግባት ይቻላል?

አይቻልም። ከሰል፣ ቁርጥራጭ ብረት፣ ግንድና የእንጨት ፍርፋሪ ኦክስጅን ይበላሉ፤ ከሰልና የእንጨት ፍርፋሪ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያወጣሉ። ጤናማ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ተለክቶ ይህ ካልተገኘ ማንም አይውረድ። ከ6 በመቶ በታች ሲሆን ሰው በጥቂት ትንፋሽ ራሱን ስቶ ይወድቃል። መሰላሉ የሚወርድበት ጠባብ ክፍል የባሰ ነው፤ ሆልዱ ሲከፈት እሱ አይናፈስም። የአቧራ ማጣሪያ ጭምብል ኦክስጅን አይፈጥርም።

የወደቀ ሰው ሲታይ ደግሞ የሚከተለው ሁለተኛው ሰው ነው የሚሞተው። ያለ ራሱን የቻለ የአየር መሣሪያ ለማዳን መውረድ የተከለከለ መሆኑን የወደቡም ሠራተኛ ይወቅ።

ጥያቄ፦ በመርከቡ የውሃ ምልክት (ምን ያህል እንደጠለቀ ጎኑ ላይ በሚያሳየው ቁጥር) ያሰላነው የጭነት ክብደት ከመሬቱ ሚዛን በብዙ መቶ ቶን ይለያል። የቱን እንመን?

በመጀመሪያ የውሃውን ጥግግት አጣሩ። 50,000 ቶን ውሃ የሚያፈናቅል መርከብ በ1.025 የተሰላ ሆኖ ውሃው 1.015 ከሆነ ልዩነቱ ብቻውን 488 ቶን ገደማ ነው። ናሙናው ከመርከቡ ጎን፣ ከቆሻሻ ውሃ መውጫ ርቆ፣ ከተለያየ ጥልቀት ይወሰድ።

ቀጥሎ ስድስቱም ምልክቶች መነበባቸውን፤ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ፣ በግራና በቀኝ። አማካዩ የሚወጣው ፊትና ኋላ አንድ አንድ ጊዜ፣ መሐሉ ስድስት ጊዜ ተደምሮ ለስምንት ሲካፈል ነው። ፊት 8.20፣ ኋላ 8.80፣ መሐል 8.60 ቢሆን 8.575 ሜትር ይወጣል። የፊትና የኋላውን ብቻ የወሰደ 8.50 ያገኛል፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር 50 ቶን ለሚይዝ መርከብ ይህ 375 ቶን ስሕተት ነው። ከዚያ “ባዶ” የተባሉት የባላስት ታንኮች በእርግጥ ተለክተው እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ተሠርቶም ግማሽ በመቶ ያህል ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ በዚያ መጠን ለሚጣሉ ሰዎች የሚሰጥ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ከረጢቶቹ ተቀድደው ሳለ ላኪው “የካሣ ደብዳቤ እሰጣችኋለሁ፣ ሰነዱን ንጹሕ አድርጉልኝ” ይለናል። ችግር አለው?

አለው። ጉዳት እየታየ ንጹሕ የጭነት ሰነድ፣ ማለትም ዕቃው በደኅና ተጭኗል የሚል ሰነድ፣ መፈረም ገዢውንና ባንኩን ማሳሳት ነው። “ካሣ ብትጠየቁ እኔ እከፍላለሁ” የሚለው ደብዳቤ በብዙ ፍርድ ቤት አይጸናም፣ የመርከቡ የኃላፊነት መድንም በዚህ ምክንያት የመጣን ካሣ አይሸፍንም። ጭነት ቆጣሪው ሠራተኛ ያየውን በቁጥር ይጻፍ፤ “አንዳንድ ከረጢቶች ተጎድተዋል” ሳይሆን “በሆልድ 2፣ 140 ከረጢቶች ተቀድደዋል፣ እንደገና ተሰፍተዋል” ተብሎ። ያው ቃል ከዋናው መኮንን ደረሰኝ ወደ ጭነት ሰነዱ ሳይቀየር ይለፍ። ላኪው ካልወደደው የተቀደዱትን አውርዶ በደኅና ይተካቸው።