ለሳይለንሰር አስቀድሞ መክፈል፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

አሜሪካ ውስጥ ሳይለንሰር (የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ) ላይ ከ1934 ጀምሮ የነበረው የ200 ዶላር ታክስ ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ወዲህ ዜሮ ስለሆነ ገዢው በዝቷል፣ የሚደርሰኝም ጥያቄ እንደዛው። ታክሱ ቀረ እንጂ ምዝገባው አልቀረም፣ ፎርሙም አሻራውም ፎቶውም እንዳለ ነው።

ጥያቄ፦ ባለሱቁ ስቶክ የለኝም ግን ሙሉውን 900 ዶላር ከከፈልክ ከፋብሪካ አዝዝልሃለሁ፣ ወረቀትህንም ዛሬውኑ እናስገባለን አለኝ። ልክፈል?

መልስ፦ ወረቀቱን ዛሬ ማስገባት አይችልም ወንድሜ። ያንተ ፎርም 4 (ዕቃው በገዢው ስም እንዲዛወር የሚሞላው ማመልከቻ) ላይ የዕቃው ሲሪያል ነምበር ይጻፋል፣ ዕቃው ደግሞ መጀመሪያ በባለሱቁ ስም መዛወር አለበት፣ ያ የሚሆነው ከነጋዴ ወደ ነጋዴ በሚሞላው ፎርም 3 ነው፣ እሱንም ኤቲኤፍ (የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚቆጣጠረው የፌደራል መሥሪያ ቤት) ማጽደቅ አለበት፣ ከዛ በኋላ ነው ያንተ ተራ የሚመጣው። ስለዚህ ሲሪያል ነምበሩን ሊነግርህ ካልቻለ የከፈልከው ለዕቃ ሳይሆን ለቃል ነው፣ በግልጽ አማርኛ ያለ ወለድ አበደርከው ማለት ነው። በጣም ከፈለግከው ትንሽ ቀብድ ስጥና በጽሑፍ አስፈርመው፣ እስከዚህ ቀን ካልገባ ገንዘቤን በገንዘብ ትመልሳለህ ብለህ። ስቶር ክሬዲት እሰጥሃለሁ ካለ እንዳትቀበል፣ የሚዘጋ ሱቅ ክሬዲት ምን ያደርግልሃል?

ጥያቄ፦ በክሬዲት ካርድ ከከፈልኩ 3 ፐርሰንት ይጨምርብኛል፣ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያው) ግን አይጨምርም። ዜል ይሻላል አይደል?

መልስ፦ አይሻልም። ዜል ወደህ ፈቅደህ ከላክከው በኋላ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው፣ ካሽም ያው ነው። በክሬዲት ካርድ ግን ዕቃው በተባለው ቀን ካልመጣ ለባንኩ በጽሑፍ መቃወም ትችላለህ፣ የፌደራል ህጉ የሚሰጥህ ጊዜ ሂሳቡ ያለበት ስቴትመንት ከተላከልህ 60 ቀን ነው (አንዳንድ ካርዶች በራሳቸው ደንብ ከዚህ ይረዝማሉ፣ ባንክህን ጠይቅ)። የኛ ሰው ችግር ይሉኝታው ነው፣ ሰውየው በዚህ ሳምንት በሚቀጥለው ሳምንት እያለ ሲያባብለው ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ 60 ቀኑ እልም ብሎ ያልፋል። ድሮ ማጽደቁ ራሱ ከስምንት ወር እስከ ዓመት ይወስድ ስለነበር መጠበቅ ግድ ነበር፣ ከ2024 ወዲህ ግን በኦንላይን የገባ ፎርም ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ያልቃል፣ ወራት ካለፉ ችግሩ መንግሥት ጋ ነው ብለህ ዝም አትበል።

ጥያቄ፦ ሙሉ ከፍያለሁ፣ ፎርም 4 ገብቷል፣ ዕቃው ሱቁ ውስጥ ነው። አሁን ሱቁ ተዘግቶ ስልክ የሚያነሳ የለም። ዕቃው የኔ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ገንዘቡ ያንተ ነበር፣ መዝገቡ ላይ ግን ፎርሙ እስኪጸድቅ ድረስ ዕቃው የባለሱቁ ነው። ሄደህ ብትወስደው ያንተው ወንጀል ነው፣ እሱም ካርጎ ላይ ጭኖ ቤትህ ሊልክልህ አይችልም። መጀመሪያ ማርቲንስበርግ ዌስት ቨርጂኒያ ያለውን የኤቲኤፍ ኤንኤፍኤ ክፍል (እነዚህን ፎርሞች የሚያየው ክፍል) ደውለህ ፎርሙ የት እንደደረሰ ጠይቅ። ነጋዴው ፈቃዱ ገና በእጁ ከሆነ ሊያስጨርስልህ ወይም በፎርም 3 ለሌላ ሱቅ ሊያዛውርልህ ይችላል፣ በሌላ ሱቅ ከሆነ አዲስ ፎርም 4 ትሞላለህ። ባንክራፕሲ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው ቀን ሳያልፍ የይገባኛል ማመልከቻህን አስገባ፣ ቀብድ የከፈለ ተራ ሸማች እስከ 3,800 ዶላር ድረስ መያዣም ቅድሚያም ከሌላቸው ተራ ገንዘብ ጠያቂዎች ቀድሞ ይታያል፣ ግን ዕቃውን በመያዣ የያዘ ባንክ ካለ እሱ ይቀድምሃል። ቅድሚያ አለህ ማለት ሳጥኑ ውስጥ ገንዘብ አለ ማለት አይደለም፣ እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው። ለስቴትህ አቃቤ ሕግ ቢሮም አቤቱታ አስገባ፣ ወጪ የለውም።

ጥያቄ፦ ነጋዴው ህጋዊ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የላይሰንስ ቁጥሩን ጠይቀውና ኢዚ ቼክ የሚባለው የኤቲኤፍ ዌብሳይት ላይ የመጀመሪያ ሦስቱንና የመጨረሻ አምስቱን ቁጥሮች አስገባ፣ ስሙና አድራሻው ይወጣል። እሱ ብቻ ግን አይበቃም፣ ሳይለንሰር የሚሸጥ ሰው ኤስኦቲ የሚባለውን ተጨማሪ ታክስ በየዓመቱ ጁላይ 1 ማደስ አለበት፣ የዘንድሮውን አሳየኝ በለው። ፈቃድ መኖሩ ግን ኪሱ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ላይሰንስ ያለው ሱቅም ይከስራል።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ አንድ ልጅ 250 ዶላር በዜል ላክ፣ ያለ ምንም ወረቀት ቤትህ ይመጣል ይለኛል።

መልስ፦ ወይ ገንዘብህን ይዞ ይጠፋል፣ ወይ ዕቃው ይመጣል። የባሰው ሁለተኛው ነው፣ ያልተመዘገበ ሳይለንሰር መያዝ እስከ 10 ዓመት እስር ያስከትላል።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ቨርጂኒያ ከፍዬ እየጠበቅኩ ነው፣ በመሃል ወደ ሜሪላንድ ልቀይር ነው። ገንዘቤ ይቃጠላል?

መልስ፦ ግሪን ካርዱ አይከለክልሽም እህቴ፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ነው ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር የማይፈቀድለት። ከመጽደቁ በፊት ከቀየርሽ ግን የቨርጂኒያው ሱቅ ሊያስረክብሽ አይችልም፣ ዕቃውን በፎርም 3 ወደ ሜሪላንድ ሱቅ ያዛውርና እዛ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ፣ ሁለቱም ሱቆች የማዛወሪያ ሊያስከፍሉሽ ስለሚችሉ ዋጋውን ከመሄድሽ በፊት ጠይቂ። ሜሪላንድ ይፈቀዳል። ዲሲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክ፣ ኒውጀርሲ ወይ ኢሊኖይ ቢሆን ኖሮ ግን አይፈቀድም፣ ያኔ ገንዘብ ማስመለስ ብቻ ነው የሚቀርሽ፣ እሱም ደረሰኙ ጀርባ ላይ ስለ ተመላሽ በተጻፈው ይወሰናል።