ለቃሚ፣ ካቦና የመጋዝ ክዳን፦ ከጅማ የመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ቡና ማበጠሪያ አለኝ። በየዓመቱ ምርት ሲገባ ከቡናው ብልሽቱን የሚለቅሙ ሴቶችን እቀጥራለሁ። እያንዳንዷን አምስት ደቂቃ አነጋግሬ፣ ትሕትናዋን አይቼ ነው የምወስዳት። ጎበዝ ያልኳት ታዘግማለች፣ ያልጠበቅኳት ትበልጣለች። ዘንድሮ ደግሞ ንብረት ያዥም እፈልጋለሁ። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ለለቀማ ጥያቄውን ይተዉትና ቡናውን ይስጧቸው። አምስት ደቂቃ ጨዋታ የሚያሳየው ጨዋታ አዋቂነትን ብቻ ነው። 300 ግራም ቡና ይመዝኑና መጀመሪያ አጥርተው ያስለቅሙት። ከዚያ 20 ጥቁር ፍሬ፣ 20 ተባይ የበሳው፣ 15 የተሰበረ እና 5 ጠጠር ቆጥረው ይቀላቅሉበት። ናሙናው፣ ጠረጴዛውና ብርሃኑ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ አንዷ በመስኮት ሥር ሌላዋ በጨለማ ጥግ ከተፈተኑ ውጤቱ አይነጻጸርም። 3 ደቂቃ ልምምድ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ፈተና ይስጡ። የሚመዘግቡት ሁለት ቁጥር ነው፦ ከ60ው ስንቱን አወጣች? ስንት ደህና ፍሬ አብራ ጣለች? ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እጇ ያገኘውን ሁሉ የምታወጣ ሴት 60ውንም ልታገኝ ትችላለች፤ ደህናው ቡና ግን አብሮ ይሄዳል። መመሪያውን አመልካቿ በምትረዳው ቋንቋ ይንገሯት። ኦሮምኛ ብቻ የምትሰማን ሴት በአማርኛ ካዘዟት የሚፈትኑት ዓይኗንና እጇን ሳይሆን ቋንቋዋን ነው።

ለንብረት ያዡ ግን ቃለ መጠይቅ ያስፈልጋል፤ አጠያየቁ ነው ልዩነት የሚያመጣው። የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ በ2022 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የቀድሞ ምርምሮችን ውጤት መልሰው አስልተው ነበር። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ በነጥብ የሚመዘንበት ቃለ መጠይቅ ከኋለኛው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.42 ሲሆን፣ እንደመጣ የሚጠየቀው 0.19፣ የሥራ ልምድ ዓመት ብዛት ደግሞ 0.07 ብቻ ሆኖ ተገኘ (1 ቢሆን ፍጹም ትንበያ፣ 0 ቢሆን ምንም)። «የአሥር ዓመት ልምድ ያለው» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ እንደማይረዳ ከዚህ ይታያል።

ከሥራው ራሱ አምስት ወይም ስድስት ጥያቄ ያውጡ። ለምሳሌ፦ «60 ኪሎ ነው የተባለ ጆንያ ሲመዘን 57 ሆነ፤ አምጪው የባለቤቱ ዘመድ ነው። ምን ታደርጋለህ?» ነጥቡን ከቃለ መጠይቁ በፊት ይጻፉት። «ዝም ብዬ እቀበላለሁ» 1፤ «ደግሜ እመዝናለሁ» 3፤ «ደግሜ መዝኜ፣ የተገኘውን ጽፌ አስፈርማለሁ፣ ለባለቤቱም ያኑ ቀን አሳውቃለሁ» 5። ሁለት ሰው ይጠይቅ፤ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ነጥብ ይስጡ። ተነጋግረው ከሰጡ የአለቃው ነጥብ የሁለቱም ይሆናል። ተያዥ መጠየቅዎን አልቃወምም፤ ግን ተያዥ ለጎደለ ንብረት ዋስ ነው፣ ሰውየው መዝገብ መያዝ መቻሉን አይነግርዎትም። የሙከራ ጊዜውን በጽሑፍ ያድርጉ፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት የወረደ የጠባይ ፈተና ለአመልካቾች ብንሰጥስ?

መልስ፦ አይስጡ። በሌላ አገር ሰው ላይ ተሞክሮ፣ በእጅ የተተረጎመ፣ እዚህ በማንም ላይ ያልተፈተሸ መጠይቅ ሥራ ፈላጊን ያለ ጥፋቱ ይጥላል። በእጅ ጽሑፍ ጠባይን ማንበብም እንዲሁ ነው።

ጥያቄ፦ ምርጧን ለቃሚያችንን ካቦ አደረግናት። አሁን ትጮኻለች፤ ሴቶቹም እየለቀቁ ነው።

መልስ፦ ለቀማና ሰው ማሠራት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ጥፋቱ ከእሷ ይልቅ የአሿሿሙ ነው። በሰው ፊት ከቦታዋ አያውርዷት። ለብቻ ጠርተው ያዩትን ይንገሯት። «ጠባይሽ ከብዷል» ማለት አይጠቅምም፤ «ጠዋት አዲሷን ልጅ በሁሉም ፊት ሰደብሻት» ማለት ይጠቅማል። በቀን የሚጠበቅባትን በግልጽ ያስቀምጡ፦ ሥራ ማከፋፈል፣ ከእያንዳንዷ ናሙና ማየት፣ ስሕተትን ጠጋ ብሎ በእጅ ማሳየት። ሁለት ሳምንት አይተው ካልተሻሻለች፣ ክፍያዋን ሳይነኩ ጥራት ተቆጣጣሪ ያድርጓት። ለወደፊቱ ካቦ ከመሾምዎ በፊት ሁለት ሦስት ሴቶችን በየተራ ተጠባባቂ አድርገው ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ሠራተኞቼ የክቡን መጋዝ ክዳን እያወለቁ ይሠራሉ። መከርኩ፣ ማስጠንቀቂያ ለጠፍኩ፣ አሁን ክዳን ያወለቀ 200 ብር ይቀጣል ብያለሁ። ያው ነው።

መልስ፦ ክዳኑ ሲወልቅ ሠራተኛው ትርፉን በዚያው ቅጽበት ያያል፦ ጣውላው ቶሎ ያልፋል፣ መስመሩ ይታያል። ጉዳቱ ግን በሺህ ቁራጭ አንዴ ላይመጣ ይችላል። ምክር ይህን ሚዛን አይገለብጥም። ቅጣቱ ደግሞ የባሰ ነገር ያመጣል፤ እርስዎ ሲገቡ ክዳኑ ይመለሳል፣ የተቆረጠ ጣትም በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደበቃል። ከሕግም አንጻር ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖር ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም።

መጀመሪያ መቅጣቱን ያቁሙና «ክዳኑ ምን ያስቸግራል?» ብለው ይጠይቁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ ከማሽኑ ይገኛል። ክዳኑ በሰጋቱራ ተደፍኗል፣ ከምላጩ ጋር ይጋጫል፣ ወይም ክፍያው በቁራጭ ስለሆነ የሚዘገይ ሰው ገቢው ይቀንሳል። ክፍያው ፍጥነትን ብቻ የሚሸልም ከሆነ ክዳኑን ያስወለቁት እርስዎ ነዎት።

ከምላጩ ኋላ የሚቆመው መከፈያ ብረት መኖሩንም ያረጋግጡ፤ በጠረጴዛው ከፍታ ላይ ከምላጩ ጥርስ ያለው ርቀት ከ8 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። እሱ ከሌለ የተሰነጠቀው እንጨት ምላጩን ይነክስና ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ከ30 ሴንቲ ሜትር ያጠረ እንጨት፣ የረጅሙም የመጨረሻ 30 ሴንቲ ሜትር በእጅ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ይገፋ። ጓንት አያስደርጓቸው፤ ምላጩ ጓንቱን ይዞ እጁን ይስበዋል።

ከዚያ ይቁጠሩ። በቀን 10 ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት፣ አለፍ ሲሉ ክዳኑ በቦታው መሆኑን አይተው ምልክት ያድርጉ። የሳምንቱን ውጤት የማንንም ስም ሳይጠቅሱ ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፤ ሲሻሻል ያኑ ጊዜ ያመስግኑ። የአደጋ ቁጥር ብቻ ከቆጠሩ አይበቃም፤ በትንሽ ቤት አደጋ አለመመዝገቡ ዕድል ወይም ዝምታ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና፣ በደንብ የሚመሩት ቡድኖች ብዙ የመድኃኒት ስሕተት አስመዝግበው አገኘች፤ ቁጥራቸው የበለጠው ስሕተታቸውን ባለመደበቃቸው ነበር። ስለዚህ «ለትንሽ ዳንኩ» ብሎ የሚነግርዎትን ሰው ቢቆጡት፣ ሁለተኛ የሚነግርዎት አያገኙም።

ሠራተኛው የሚያምነው የተለጠፈውን ሳይሆን እርስዎ ሲቸኩሉ የሚያደርጉትን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «በርጩማዎቼስ?» ሲል «በቃ ዛሬ ያለ ክዳኑ ጨርሱት» ካሉ የወሩ ሥራ ይፈርሳል። ደንበኛውን ለሰኞ ይቅጠሩት።