ዓለማየሁ የተማረበት ትምህርት ቤት «ፐብሊክ» ሆኖ ለምን ያስከፍላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። የ13 ዓመቱ ልጄ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ልጅ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ሰምቶ መጣና በጥያቄ አፋጠጠኝ። ልዑሉ ራግቢ የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ተምሯል ይባላል። «ፐብሊክ ስኩል» ነው ይሉታል፣ ክፍያው ግን አይቀመስም! ፐብሊክ የሕዝብ ማለት አይደል እንዴ? ዓለማየሁስ እዚያ ምን ዓይነት ኑሮ ገጠመው? የተቀበረውስ እዚያው ነው?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ስም ያልተሸወደ የለም። እንግሊዝ ውስጥ ድሮ ሀብታም ልጁን ቤቱ መምህር ቀጥሮ ያስተምር ነበር። «ፐብሊክ» የተባለው ከየትኛውም አካባቢ የመጣ ልጅ ስለሚገባበት ነው፤ መክፈል እስከቻለ ድረስ ማለት ነው እንግዲህ።

ራግቢ ሲጀመር ግን ነገሩ ሌላ ነበር። መሥራቹ ሎረንስ ሸሪፍ ለቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ቤተ መንግሥት ቅመማ ቅመም የሚያቀርብ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1567 ሲናዘዝ ለራግቢ ከተማና ለጎረቤቷ መንደር ለብራውንሶቨር ልጆች በነፃ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲከፈት አዘዘ። መጀመሪያ 100 ፓውንድ ሊተው አስቦ ነበር። በኋላ ሐሳቡን ቀየረና ከለንደን ወጣ ብሎ ከነበረው መሬቱ ሲሶውን ሰጠ። ያኔ ሜዳ ነበር። ከተማዋ እየሰፋች መጥታ ዋጠችውና ኪራዩ ትምህርት ቤቱን ባለጸጋ አደረገው፤ ዛሬ ቦታው መሀል ለንደን ነው፣ ከግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል አጠገብ ራግቢ ስትሪት የሚባል መንገድ አለልሽ፣ ልጅሽን ወስደሽ አሳዪው። ገንዘቡ ሲመጣ ስም መጣ፣ ስሙ ደግሞ ከሩቅ ከፍለው የሚያድሩ ልጆችን ሳበ። በነፃ እንዲማር የታሰበው የሰፈሩ ልጅ ወደ ዳር ተገፋ። ለእሱ ተብሎ በ1878 በመሥራቹ ስም ሌላ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይሄኛው ዛሬም አለ፣ አያስከፍልም።

የኳሱን ጨዋታ ልጅሽ መጠየቁ አይቀርም። አዎ፣ ራግቢ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ዌብ ኤሊስ የሚባል ተማሪ በ1823 ኳሱን በእጁ ይዞ ሮጠ የሚባለው ታሪክ የወጣው ኤሊስ ራሱ ከሞተ በኋላ ስለሆነ ብዙም አይታመንበትም። ተማሪዎቹ ራሳቸው በ1845 ሕጉን መጻፋቸው ግን እርግጥ ነው።

ወደ ዓለማየሁ እንመለስ። መቅደላ በ1868 በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ አረፉ። እንግሊዝ ከገባ በኋላ ያሳደገው ካፒቴን ስፒዲ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነበር፤ ከእሱም ለይተው ቼልተናም ኮሌጅ ለነበረው ርዕሰ መምህር ለጄክስ ብሌክ ሰጡት። ጄክስ ብሌክ በ1874 የራግቢ ኃላፊ ሆኖ ሲዛወር ልጁም አብሮ ሄደ። እስቲ አስቢው፣ ትምህርት ቤት እንኳ የሚመረጥለት አሳዳጊው ሥራ በቀየረ ቁጥር ነው!

የጠበቀው ኑሮ በአብዛኛው ቶማስ አርኖልድ የሚባለው የአንግሊካን ቄስ የቀረጸው ነው። አርኖልድ ከ1828 ጀምሮ ትምህርት ቤቱን ሲመራ ጸሎት ቤቱን የሁሉ ነገር ማዕከል አደረገው፣ እሑድ እሑድ ራሱ ይሰብክ ነበር። ሥርዓት ማስከበሩን ደግሞ ለመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ሰጠ። ሞኒተር በያቸው፣ ግን ዱላ የያዘ ሞኒተር። ትንንሾቹ ለትልልቆቹ ይላላካሉ፣ ዳቦ ይጠብሳሉ። ዓለማየሁ ሲደርስ አዲሱ የጸሎት ቤት ሕንፃ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በኦርቶዶክስ እናት እጅ ያደገ ልጅ እዚያ ቁጭ ብሎ በእንግሊዝኛ ሲዘመር ምን ይሰማው እንደነበር አንቺ ስደቱን ስለምታውቂው ከእኔ ይልቅ ትገምቻለሽ።

ትምህርቱ አልሆነለትም። ከዚያ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት፣ እዚያም አልቆየም። ኅዳር 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ፣ በ18 ዓመቱ።

የተቀበረው ግን ራግቢ አይደለም። ንግሥት ቪክቶሪያ ባዘዙት መሠረት ዊንድሶር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ዘንድ ነው ያረፈው። አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሰጠው መልስ፣ እሱን ማውጣት አጠገቡ ያሉትን ሌሎች ሙታን ይረብሻል የሚል ነበር።