«ራት መብላት ትቻለሁ»

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፤ አራት ወር ሆኖኛል። ከማርገዜ በፊት 82 ኪሎ ነበርኩ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ክትትል የጀመርኩ ቀን ባለሙያዋ «ውፍረትሽ ለልጁም አደጋ ነው» ብላ፣ ሌላ ሳታስረዳኝ ቀጣዩን ሰው ጠራች። እናቴ ደግሞ «ሁለት ነፍስ ነሽ፣ እጥፍ ብዪ» ይሉኛል። እኔ ግን ፈርቼ ራት መብላት ትቻለሁ። የማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ራትሽን ብዪ። እርግዝና ኪሎ የሚቀነስበት ጊዜ አይደለም። ባለሙያዋ ያለችው እውነት አለው፣ አነጋገሯ ግን አናዶኛል። ነፍሰ ጡርን አስፈራርቶ መሸኘት ምክር አይባልም።

82ን ለ1.6 አካፍይ፤ የመጣውን እንደገና ለ1.6 አካፍይው። 32 ገደማ ይሆናል፤ ይህ ኪሎሽን ከቁመትሽ ጋር የሚያመዛዝን ቁጥር ነው። ከ30 ጀምሮ ያለው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል፤ የእርግዝና ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የደም መርጋትና በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድልን ከፍ ያደርጋል። ከፍ ይላል ማለት ግን የግድ ይደርስብሻል ማለት አይደለም። በአንቺ ኪሎ ያሉ ብዙ እናቶች ጤነኛ ልጅ ይታቀፋሉ። በጣም ቀጭን የሆነችም ብትሆን ከስጋት ነፃ አይደለችም፤ ልጇ ቀኑ ሳይደርስ ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

ለአንቺ የሚመከረው እስከ መውለጃሽ ከ5 እስከ 9 ኪሎ መጨመር ነው። ልጁ፣ እንግዴ ልጁና የእንሽርት ውሃው ብቻ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ስለዚህ ብዪ የሚሉት እናትሽ ልክ ናቸው፤ እጥፉ ነው የማያስፈልገው። ሐኪምሽ ካልከለከለሽ በቀን ግማሽ ሰዓት ተራመጂ።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። ግፊት ስትለኪ ክንድሽ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ እዪው። ጠቦሽ ጫፉ አልያያዝ ካለ፣ ወይም ሲነፋ እየተላቀቀ ካስቸገረ፣ «ትልቁን አምጡልኝ» በይ። አትፈሪ፣ መብትሽ ነው። ጠባቡ ግፊትሽን ካለው አስበልጦ ያሳያል፤ በሌለ በሽታ ሊያስጨንቅሽ፣ መድኃኒትም ሊያስጀምርሽ ይችላል።

የስኳር ምርመራው በ24 እና በ28 ሳምንት መካከል ነው፤ በአንቺ ኪሎ ግን ከአሁኑም እንዲሠራልሽ ጠይቂ። ከ20 ሳምንት በኋላ ደግሞ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ድንገተኛ የፊት እብጠት ወይም ከጎድንሽ ሥር ሕመም ከተሰማሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ሂጂ።