ትወና ለምትመኙ የጅማ ልጆች

ልጆቼ፣ መንገድ ላይ እያስቆማችሁ «ፊልም ላይ እንዴት ልግባ?» ትሉኛላችሁ። መልሴ አንድ ነው፤ መጀመሪያ መድረክ ላይ ውጡ። ፊልም ንቄ አይደለም፣ ከሁለቱም እንጀራ በልቻለሁ።

ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። ቦታው ሲገኝ፣ ብርሃኑ ሲመች ነው። ጠዋት የልጃችሁን መርዶ ሰምታችሁ ታለቅሳላችሁ፣ ከሰዓት ደግሞ የዚያኑ ልጅ ጸጉር ትሠራላችሁ። ልብሳችሁን የሚመዘግብ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ሐዘናችሁ የት ላይ ደርሶ እንደነበር ግን ማንም አይመዘግብላችሁም። ያንን የሚያስለምደው መድረክ ነው። በአገራችን አንድ ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን እየታየ ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት ይዘልቃል። ያንኑ መርዶ በየሳምንቱ እንደ አዲስ መስማት፣ ከዚያም መጋረጃው እስኪዘጋ ሳይጥሉት መሸከም ነው ሥራው።

ቤተሰብ ይቆጣል፣ በተለይ በሴት ልጅ፣ አውቃለሁ፤ ነገሩ የቆየ ነው። በ1940ዎቹ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ እስክትወጣ ድረስ የሴት ገጸ ባሕርያትን ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ብዙዎቻችሁ በክራሯ ብቻ ነው የምታውቋት፣ ያሳዝነኛል።

ሌላው ትምህርት ቤታችሁ ገበያው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ውጡና ቡና የምትሸጥ አንዲት ሴት ፊት ለፊት ቁሙ። ጣሳውን ስትሞላ፣ ምርቃት ስትጨምር ዓይኗ ቡናው ላይ አይደለም፤ የገዢው እጅ ላይ ነው። ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች፤ ጥቂት ቆይታ፣ ጨዋታዋን ሳታቋርጥ፣ ቋጠሮውን በጣቷ ትዳስሳለች። ይህን ዳሰሳ የሚጽፍላችሁ ጸሐፌ ተውኔት የለም። አነጋገሯንም አድምጡ። ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ የምትሻገርበትን ጊዜ ልብ ብላችሁ ያዙት፤ የአዲስ አበባ ልጅ በቀላሉ የማያገኘው ሀብት ነው፣ እናንተ ደግሞ ልትደብቁት ትሞክራላችሁ!

ስለ ገንዘብ ማውራት ነውር አይደለም። «ፊልሙ ሲወጣ እንከፍልሻለን» ያለኝ ሰው ፊልሙ ወጥቶም አልከፈለኝም። ውል ሳትፈርሙ ቀረጻ ቦታ አትገኙ። ክፍያው መቼ መቼ እንደሚፈጸም፣ የቀረጻው ቀን ቢራዘም ምን እንደሚታሰብላችሁ፣ መጓጓዣና ማደሪያ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። ከውሉም አንዱን ቅጂ ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ ግቡ።