ስክሪን ላይ ልስልስ ያለው ሰማይ ባነር ላይ ለምን መስመር ይሰራል?

አንድ ወንድማችን ከደብረ ማርቆስ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ለምርቃት መድረክ 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ባነር አተምኩ። ጀርባው ሰማያዊ ግራዲየንት (ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ ቀለም) ነው። ሳያኑ (ውሃ ሰማያዊው ቀለም) ከላይ 60 ከመቶ ሆኖ ታች 40 ይደርሳል፣ ማጀንታው (ደማቅ ሮዙ) ከ50 ወደ 35 ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይልም። ሲታተም ግን ከሦስት እስከ አራት ጣት ስፋት ያላቸው አግድም መስመሮች ወጡበት። በመሃል በመሃላቸው ደግሞ በጣም ቀጫጭን ነጭ መስመሮች አሉ። ሰማያዊውም ወደ ወይን ጠጅ አደላብኝ። ማሽኔ 3.2 ሜትር ኢኮ ሶልቨንት ነው፣ ሄዱ (ቀለም የሚረጨው ክፍል) ኤክስፒ 600፣ ያተምኩት በ4 ፓስ፣ ማለትም ሄዱ አንዱን ቦታ በአራት ጉዞ እየሸፈነ። ሄዱን ደጋግሜ አጠብኩት፣ ለውጥ የለም። አሁን ልቀይረው ነው፤ ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ሄዱን አትቀይር። ማጠቡንም ለጊዜው ተወው። ደጋግሞ ማጠብ ቀለም ይጨርሳል፣ አንዳንዴም የቀለሙ ቱቦ ውስጥ አየር ያስገባል። የጻፍከውን ሳነበው አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይታዩኛል። ሰፋፊው መስመር ከፋይሉ የመጣ ነው። ቀጭኑ ከማሽኑ ነው። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ስለተኙ አንድ ችግር መስለውህ ነው።

እኔን ብቻ አትመን፣ ራስህ አረጋግጥ። ከዲዛይኑ ላይ 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ከላይ እስከ ታች ሙሉውን 3 ሜትር የሚሸፍን ቁራጭ ቁረጥ። ከዚያ 90 ዲግሪ አዙረህ አትመው። ማሽንህ 3.2 ሜትር ስለሆነ በወርዱ ይገባልሃል፤ የሚወስድብህ ባነርም አንድ ካሬ አይሞላም። ቁራጩን ግን እንዳታሳንሰው። ካሳነስከው ሰፋፊዎቹ መስመሮች ጠብበው ይጠፋሉ፣ ፈተናውም ያታልልሃል። አሁን ተመልከት። ከዲዛይኑ ጋር አብሮ የዞረው መስመር የፋይሉ ነው። ዲዛይኑ ዞሮም ሄዱ በሚመላለስበት አቅጣጫ የቀረው የማሽኑ ነው።

ከፋይሉ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። ባለ 8 ቢት ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው። ያንተ ሳያን ከ60 ወደ 40 ሲወርድ የሚጠቀመው ከዚያ ላይ 20 ከመቶውን ነው፤ ወደ 51 ደረጃ ማለት ነው። 3 ሜትሩን ለ51 አካፍለው። እያንዳንዱ ደረጃ ወደ 6 ሳንቲሜትር ይሆናል። ይኸው፣ ከሦስት እስከ አራት ጣት ያልከው! ማጀንታው ደግሞ 15 ከመቶ ብቻ ስለሚጓዝ 38 ደረጃ አለው፣ እያንዳንዱም ወደ 8 ሳንቲሜትር ይሰፋል። ሁለቱ ቀለሞች ደረጃ የሚቀይሩበት ቦታ ስለማይገጥም መስመሩ አንድ ቦታ ጠበብ፣ አንድ ቦታ ሰፋ ይላል። ስክሪንህ ላይ ያላየኸው ባነሩን በሙሉ አሳንሰህ ስለምታየው ነው። ማሽኑ የተሰጠውን ነው ያተመው፤ በዚህ በኩል ጥፋት የለበትም።

መፍትሔው ግራዲየንቱን እንደገና መስራት ነው። የድሮውን ጄፔግ ፋይል ለማከም አትድከም። ፎቶሾፕ ላይ አዲስ ፋይል በ16 ቢት ክፈት። በመጨረሻው መጠን ይሁን፣ 2 በ3 ሜትር፣ ከ72 እስከ 100 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚገባ ነጥብ) ይበቃሃል። ግራዲየንቱን ስትስል ከላይ ያለውን የዲዘር (ደረጃዎቹን በነጥብ የሚያደባልቅ) ምልክት አብራ። ከዚያ ፊልተር ውስጥ ገብተህ አድ ኖይዝ የሚለውን፣ ጥቃቅን ነጥብ የሚበትነውን፣ ከ1 እስከ 3 በመቶ ስጠው፣ ጋውሲያን የሚለውን መርጠህ። ይህን ሁሉ 16 ቢት ላይ እያለህ አድርግ፤ ወደ 8 ቢት የምትመልሰው ከዚያ በኋላ ነው። ኖይዙ በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለውን ጠርዝ ይበታትነዋል፤ ዓይን የሚይዘው ጠርዝ ሲያጣ ቀለሙ ዝም ብሎ የሚፈስ ይመስለዋል።

ደንበኛዬ ቆሸሸብኝ ይለኛል ብለህ እንዳትሰጋ። በ72 ዲፒአይ አንዷ ነጥብ የሚሊሜትር ሲሶ ገደማ ናት። ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ የቆመ ሰው አያያትም። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ኖይዝ ከሰጠኸው በኋላ ፋይሉን አታሳድገው። በጄፔግም አጥብቀህ አትጭመቀው፤ ጄፔግ መጀመሪያ የሚያጠፋው እነዚያኑ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። በቲፍ አስቀምጠው። ጽሑፉንና ሎጎውን ቬክተር እንደሆኑ ተዋቸው፣ ጀርባው ብቻ በፎቶሾፕ ይሰራ።

ለሚቀጥለው ሥራ ደግሞ አንድ ሐሳብ ልስጥህ። ደንበኛው ሰማይ ከፈለገ እውነተኛ ሰማይ ስጠው። የጮቄ ተራራ አፍንጫችሁ ስር ነው! ጥርት ባለ ቀን በጥሩ ካሜራ የተነሳ ፎቶ የራሱ ጥቃቅን ነጥብ ስላለው እንዲህ ያለ መስመር የመስራት ዕድሉ በጣም ያነሰ ነው። ለተመራቂዎቹም ከኮምፒውተር ሰማያዊ ይልቅ የአገራቸው ሰማይ ያምራል።

አሁን ወደ ቀጭኑ መስመር። መጀመሪያ ኖዝል ቼክ (ቀለም የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ መስራታቸውን የሚያሳይ ሙከራ) አትም። የጎደለ ከሌለ ሄዱ ደህና ነው፣ ችግሩ ባነሩ ወደፊት የሚሳብበት ልክ ነው። የኤክስፒ 600 የማተሚያ ቁመት አንድ ኢንች፣ ማለትም 25 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ4 ፓስ ስታትም ባነሩ በእያንዳንዱ ጉዞ ወደ 6 ሚሊሜትር ይሳባል። በማስመሪያ ለካው፤ ነጭ መስመሮቹ በየ6 ሚሊሜትሩ የሚደጋገሙ ከሆነ ጥርጣሬ አይግባህ። ነጭ ከሆነ ባነሩ ከሚገባው በላይ እየተሳበ ነው፣ የስቴፑን (ባነሩ በየጉዞው የሚሳብበትን ልክ) ቁጥር ቀንስ። ጠቆር ያለ መስመር ከሆነ ደግሞ ተደራርቧል፣ ጨምር። በጥቂት በጥቂቱ ቀይር፣ በየመሃሉም አትመህ እይ።

ይህን ልኬት ስትሰራ በምታትምበት በራሱ ባነር ላይ ይሁን። ለስቲከር የተስተካከለ ስቴፕ ለባነር አይሆንም፤ ውፍረታቸውም አያያዛቸውም ይለያያል። ጥቅሉ አዲስና ከባድ ከሆነ ወደኋላ ስለሚጎትት፣ ማተም ከመጀመርህ በፊት ትንሽ ፈታ አድርገህ ልቀቀው። በተለይ አንተ ያለህበት ቦታ ሌላም ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጠዋቷን ታውቀዋለህ። ቀለም ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ከኖዝሉም እንደሚገባው አይወጣም። ጠዋት ቢሮ እንደገባህ ግራዲየንት አትጀምር። ሂተሩን አብርተህ፣ ክፍሉም ማሽኑም ሞቅ እስኪሉ ሌላ ቀላል ሥራ አስቀድም። ልኬቱንም ማሽኑ ከሞቀ በኋላ ስራው።

እንዲህ ላለ ጀርባ 4 ፓስ ያንሳል። 8 አድርገው። ጊዜው እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ስለዚህ ዋጋ ስትነግር አስበህ ንገር። ፌዘሪንግ የሚል፣ የጉዞዎቹን ጠርዝ የሚያደበዝዝ ምርጫ ካለህም አብራው። መብራት እንዳይቋረጥብህ ደግሞ ዩፒኤስ ይኑርህ። ግራዲየንት መሃል ላይ ቆሞ ከቀጠለ መገጣጠሚያው ይታያል፣ በየትኛውም ዘዴ አይደበቅም።

ወይን ጠጁ ቀላል ነው። ማጀንታህ ለሳያንህ በጣም ተጠግቷል፤ 60 እና 50 በባነር ላይ ሰማያዊ አይሆንም። ማጀንታውን ከሳያኑ ቢያንስ በ30 አሳንሰው። 15፣ 20፣ 25 እና 30 ማጀንታ ያላቸው አራት ትናንሽ ሳጥኖች ከ60 ሳያን ጋር አትምና በቀን ብርሃን ምረጥ።

የምርቃቱ ቀን ቀርቦ ሁሉንም ማስተካከል ካልቻልክ ፋይሉን አስቀድም። ባነሩ መድረክ ላይ ሲሰቀል ሕዝቡ ከአሥር ሜትር በላይ ርቆ ነው የሚያየው። ከዚያ ርቀት ቀጭኑን መስመር ማንም አያይም፣ ሰፋፊው ግን እንደውም ጎልቶ ይወጣል።