ጣና ዳር ችግኝ ልትተክሉ ለምትወርዱ ልጆች

ልጆች፣ ክረምት በገባ ቁጥር ባነር ይዛችሁ ወደ ጣና ዳር ስትወርዱ አያለሁ፣ ደስም ይለኛል፣ ግን እኔም በናንተ እድሜ እንደዛው አድርጌ ስላፈርኩ ትንሽ ላውራችሁ። ሰላሳ ምናምን አመት በተፈጥሮ ሀብት ስራ ጎጃምን ስዞር ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የሚገርመው ከተሳካልኝ ይልቅ ያበላሸሁት ነው ቶሎ ትዝ የሚለኝ።

የመጀመሪያ ፕሮጀክታችን ላይ ሐምሌ ውስጥ ተከልን። ዝናቡ ጥሩ፣ ጉድጓዱ በሜትር የተለካ፣ ግራቪሊያው ከችግኝ ጣቢያ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ፣ ሪፖርቱም በሳምንቱ ተላከ። ጣና ግን የሚጎድለው ሰኔ ገደማ ነው፣ ጢም የሚለው መስከረም ጥቅምት፣ በመሀል አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ይነሳል፣ ይሄን ማንም አልጠየቀም። ለመስቀል ሰሞን ስንሄድ ችግኝ የለም፣ የደገፍንበት እንጨት ጫፍ ብቻ ከውሃው ብቅ ብሏል። ታንኳ የሚሰሩ አንድ ሽማግሌ ሾላ ስር ተቀምጠው ሳቁብን፣ ከዛ ግንዱን አሳዩኝ፣ የአምናው ውሃ ጭቃ የደረቀበት መስመር ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ይታያል። "እስከየት እንደሚመጣ እዚህ አለልህ እኮ ልጄ" አሉኝ።

ስራውን የተማርኩት ከሳቸው ነው ብል ማጋነን አይደለም። ግንቦት ላይ ውሃው ሲሸሽ ታንኳ ከሚሰራበት ረጅም የውሃ ዳር ተክል፣ ከደንገል፣ ስሩ ላይ ቡቃያ ያለበትን ቁራጭ ቆርጣችሁ ጭቃው ውስጥ አጋድማችሁ ትቀብራላችሁ፣ ቡቃያውን ወደ ላይ፣ ውሃው ቀስ እያለ ሲመጣ አብሮ ያድጋል። ነፋስ የሚያመጣው ማዕበል ደንገሉ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ያልቃል፣ ስሩ እንደ ምንጣፍ ተጠላልፎ ጭቃውን ይይዛል፣ ግልገል አባይ ከላይ ከማሳው ጠርጎ የሚያመጣው ደለልም እዛው ይቀራል። ከሱ ከፍ ብሎ ዶቅማ፣ እግሩን ውሃ ቢነካው አይከፋውም፣ ውሃ የማይደርስበት ላይ ዋንዛ። ባህር ዛፍ ብር ያመጣል፣ አልክድም፣ እኔም ጓሮዬ አለኝ፣ ግን ከጥላው ስር ሳር ስለማይበቅል ዝናቡ ባዶ አፈር ያገኛል፣ ሐይቅ ዳር ባታመጡት ጥሩ ነው።

አባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ የጨረጨራ ግድብ በፈረንጅ 1996 ከተሰራ ወዲህ ውሃው እንደድሮው በራሱ ልማድ አይወጣም አይወርድም፣ ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት ሁለት ሶስት ወቅት ሄዳችሁ እዩት። እምቦጭ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ሰው ስለሱ ብቻ ነው የሚያወራው፣ ደንገሉ ተነቅሎ ባህር ሸሽ እርሻ፣ ውሃው ሲሸሽ በለቀቀው መሬት ላይ የሚዘራው፣ እስከ ውሃው አፍ መድረሱን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ገበሬውን ዝም ብላችሁ አትከልክሉት፣ ከብቱም ለጋውን ደንገል ይወዳል፣ የት ይጠጣ የት ይጋጥ የሚለውን ቁጭ ብላችሁ ሳትጨርሱ አጥር ብታጥሩ ማታ ይፈርሳል።

አንድ ቦታ ላይ ከሁለት አመት በኋላ ደንገላችን ከሰው ቁመት አለፈ። አንድ ቀን ስሄድ ግማሹ ታጭዷል፣ ደሜ ፈላ፣ ለካ እኒያው ሽማግሌ ናቸው ለታንኳ የወሰዱት። ስጮህባቸው ዝም ብለው ሰሙኝና "ስሩን ነካሁት?" አሉኝ። አልነኩትም። በሚቀጥለው አመት ሄጄ አየሁት፣ የታጨደው ካልታጨደው አይለይም፣ አጠገቡ አዲስ ታንኳ ጸሀይ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል።